የጅማ ሰማይ ምርጥ ክምችቶች የሚታዩት ሊነጋጋ ሲል ነው

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ጅማ ፈረንጅ አራዳ ነው። ያገለገለ ባለ 130 ሚሊሜትር የመስታወት ቴሌስኮፕ ገዛሁ። የትኩረት ርዝመቱ 650 ሚሊሜትር ነው፣ ሞተር ባለው ኢኳቶሪያል ማውንት (በዘንግ ዙሪያ እየዞረ ሰማዩን የሚከተል መቆሚያ) ላይ ተገጥሟል። መስከረም መጨረሻ አካባቢ ማታ ላይ ኤም 13 የሚባለውን ሉላዊ የከዋክብት ክምችት ፈልጌ አገኘሁት። ግን የታየኝ የደበዘዘ ጭጋግ ብቻ ነው። አንድም ኮከብ ለይቼ አላየሁም። በካሜራ ለአንድ ደቂቃ ሳነሳው ደግሞ መሃሉ ነጭ ሆኖ ቀረ፣ ዳር ላይ ያሉት ከዋክብት ተጎተቱ። ባለ 8 ኢንች ቴሌስኮፕ ልግዛ ወይስ የሳትኩት ነገር አለ?»

ወንድሜ፣ ለጊዜው ምንም አትግዛ። 130 ሚሊሜትር መስታወት ለሉላዊ ክምችት (እንደ ኳስ ክብ ሆነው ለተሰበሰቡ እጅግ ብዙ ከዋክብት) ጥሩ መነሻ ነው። ችግሩ ያለው ወሩ፣ ሰዓቱና የመረጥከው ክምችት ላይ ነው። ሦስቱንም የወሰድከው ለአውሮፓ ወይም ለአሜሪካ ሰው ከተጻፈ መመሪያ ይመስለኛል። ኤም 13 ያን ያህል ስም ያወጣው እነሱ ጋ ከፍ ብሎ ስለሚወጣ ነው። እኛ ጋ ከእሱ የሚበልጡ አሉ።

ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከዚህ ተነስተህ ወደ ደቡብ ስታይ ሰማዩ እስከ 82 ዲግሪ ደቡብ ድረስ ክፍት ነው። ወደ ሰሜንም እስከ ዋልታው ድረስ ይታያል። በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ የሚታወቁት ሉላዊ ክምችቶች ከ150 በላይ ናቸው። ከጅማ አድማስ በላይ የማይወጣ የለም ማለት ይቻላል። የሎንዶን ሰው ከሁሉም ትልቁን፣ ኦሜጋ ሴንታውሪን፣ ከቤቱ ሆኖ መቼም አያየውም። አንተ ግን ከከተማው ትንሽ ወጣ ብለህ በዓይንህ ብቻ ታየዋለህ።

አሁን ወደ ወሩ እንምጣ። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው።

ክምችቶቹ ሰማይ ላይ እኩል አልተበተኑም። በጣም ብዙዎቹ አቅራብ፣ ቀውስና ኦፊዩከስ በሚባሉት ኅብረ ከዋክብት አካባቢ ተጨናንቀዋል። ሃርሎ ሻፕሊ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1918 ትልቅ መደምደሚያ ላይ የደረሰው በዚህ ነው። ክምችቶቹ የሚዞሩት በፍኖተ ሐሊብ ማዕከል ዙሪያ ነው። የተሰበሰቡት ደግሞ በአንድ በኩል ነው። እንግዲያው ማዕከሉ በዚያ በኩል፣ በቀውስ አቅጣጫ፣ ከእኛ በጣም ርቆ ይገኛል ማለት ነው። ፀሐያችን መሃል ላይ እንዳልሆነች የታወቀው እንዲህ ነው። እኔ ይህን ግኝት በጣም ነው የምወደው። ምክንያቱም በአንድ ሌሊት ክምችቶችን ተራ በተራ የፈለገ ሰው ራሱ ያስተውለዋል፤ ቴሌስኮፑ ደጋግሞ ወደዚያው አካባቢ ይመለሳል።

ለጅማ ሰው ግን ይህ ነገር አንድ ጣጣ አለው። ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው። ሰማዩ በደንብ የሚጠራው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጀመሪያ ደግሞ ፀሐይ ራሷ በአቅራብ፣ በኦፊዩከስና በቀውስ በኩል ታልፋለች። ስለዚህ በበጋ ምሽት ከራሳችን በላይ ያለው የሰማዩ ተቃራኒ ወገን ነው፣ ክምችት የሌለበት ወገን። ታኅሣሥ ላይ እኩለ ሌሊት አካባቢ ብትወጣ በ«ኤም» ከሚጠሩት ሉላዊ ክምችቶች የምታገኘው አንድ ኤም 79ን ነው፣ ጥንቸል በሚባለው ኅብረ ኮከብ ውስጥ። እሱም ትንሽና ደብዛዛ ነው። ቀውስ ገና ማታ ላይ የሚወጣው በሰኔና በሐምሌ ነው። ያኔ ደግሞ ጅማ ላይ ሰማይ የሚባል ነገር አይታይም።

መፍትሔው ሌሊት መነሳት ነው። በጥርና በየካቲት ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ለጅማ የሉላዊ ክምችት ወቅት ነው። የካቲት 13 ገደማ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ውጣና ዙሪያህን ተመልከት። ኦሜጋ ሴንታውሪ ከፍተኛ ቦታውን ካለፈ አንድ ሰዓት ገደማ ሆኖታል፤ በደቡብ በኩል ከአድማስ 33 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ቆሟል። ኤም 5 ወደ አናትህ ተጠግቷል። ኤም 4 በደቡብ ምሥራቅ፣ ያንተ ኤም 13 በሰሜን ምሥራቅ፣ ሁለቱም በሰማዩ አጋማሽ ከፍታ ላይ ናቸው። ኤም 22 ከሥር እየወጣ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ! በጥር ደግሞ ኤም 4ና ኤም 13 ገና ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ኦሜጋ ግን ለብቻው ከአልጋ ያስነሳል። 11 ሰዓት ተኩል ካለፈ ሰማዩ መንጣት ይጀምራል።

የስልክ አፕ የምትጠቀም ከሆነ ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አትርሳ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚለው እዚያ ላይ 5 ሰዓት ሆኖ ነው የሚታየው።

ጨረቃን በተመለከተ ሌሊት የሚነሳ ሰው ዕድለኛ ነው። አዲስ ጨረቃ ከታየችበት ቀን ጀምሮ እስከ 10ኛው ቀን ገደማ ድረስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች። ማታ የሚያዩ ሰዎች በጨረቃ ተማረው ሲተኙ አንተ ድቅድቅ ጨለማ ታገኛለህ። መራቅ ያለብህ ሙሉ ጨረቃ ካለፈች በኋላ ካለው ሳምንትና ከዚያ ትንሽ ከፍ ካለው ጊዜ ነው።

በየትኛው ልጀምር ካልከኝ ኤም 4 እልሃለሁ። ከእኛ 6,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው የሚርቀው፣ ለሉላዊ ክምችት በጣም ቅርብ ነው። ብሩህ ከዋክብቱ 11ኛ ማግኒቲዩድ (የከዋክብት ብሩህነት መለኪያ) አካባቢ ናቸው። የኤም 13 ብሩሆቹ ግን 12ኛ ገደማ ናቸው። ቁጥሩ ሲጨምር ኮከቡ ይደበዝዛል። የአንድ ማግኒቲዩድ ልዩነት በብርሃን 2.5 እጥፍ ነው። በከተማ መብራት ውስጥ፣ ወደ ምዕራብ ባዘነበለ ክምችት ላይ፣ ይህ ልዩነት ኮከብ ለይቶ በማየትና ጭጋግ በማየት መካከል ያለው ልዩነት ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ የገጠመህ ይኸው ነው። «ኤም» የሚለው ፊደል የመጣበት ፈረንሳዊው ሻርል ሜሲዬም እ.ኤ.አ. በ1764 በዘመኑ በነበረው ትንሽ ቴሌስኮፕ ኤም 4ን በከዋክብት ለይቶ አይቶታል። አንተም ታየዋለህ።

ፍለጋው ቀላል ነው። በአቅራብ ውስጥ ያለውን ቀዩን አንታሬስን ያዝ። ኤም 4 ከእሱ በስተምዕራብ 1.3 ዲግሪ ላይ ነው። በ25 ሚሊሜትር አይፒስ (የምታይበት ሌንስ) ሁለቱም በአንድ እይታ ይገባሉ። ካገኘኸው በኋላ አጉላውና መሃሉን ተመልከት። ከሰሜን ወደ ደቡብ የተደረደሩ ከዋክብት እምብርቱን እንደ መስመር አቋርጠውት ያልፋሉ። ይህን መስመር ካየህ ክምችቱን ለይተኸዋል ማለት ነው።

ኦሜጋ ሴንታውሪን ለማግኘት የደቡብ መስቀልን ፈልግ። ከመስቀሉ አጠገብ ሁለት ብሩህ ከዋክብት አሉ፣ አልፋና ቤታ ሴንታውሪ። ለመስቀሉ የሚቀርበው ቤታ ነው። ከቤታ ተነስተህ ወደ ኤፕሲሎን ሴንታውሪ መስመር ሳብ፣ ከዚያም ትንሽ ባነሰ ርቀት ቀጥል። የደበዘዘ ኮከብ የሚመስል ነገር ይገጥምሃል። ድሮም ሰው ኮከብ ነው ብሎ ነበር የመዘገበው፤ ኦሜጋ የሚለውን የኮከብ ፊደል ያገኘውም ለዚህ ነው። ኮከብ አለመሆኑን እ.ኤ.አ. በ1677 ከሴንት ሄለና ደሴት ሆኖ ያየው ኤድመንድ ሃሊ ነው። 17,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፣ 10 ሚሊዮን ያህል ከዋክብት ይዟል። ስፋቱ ሰማይ ላይ ከሙሉ ጨረቃ አያንስም። በ130 ሚሊሜትር ስታየው እምብርቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል ብለህ አትጠብቅ። ዓይንህ ሲለምድ መላው ክብ በደቃቅ ነጠብጣብ ይሞላል።

ኤም 22 በቀውስ ውስጥ ነው፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ ቅርጽ ከሠሩት ከዋክብት የክዳኑን ጫፍ ይዘህ 2.5 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ። በየካቲት መጨረሻ በደንብ ከፍ ይላል። አብርሃም ኢሌ እ.ኤ.አ. በ1665 ያገኘው የመጀመሪያው ሉላዊ ክምችት ይህ ነው። ከኤም 13 የበለጠ ብሩህ ነው፣ ከዋክብቱም ለመለየት ይቀላሉ። እነዚህን ሦስቱን ካየህ በኋላ ወደ ኤም 5፣ ከዚያም ወደ ኤም 13 ተመለስ። ያኔ ኤም 13 ሌላ ነገር ሆኖ ይታይሃል።

አሁን ስለ አተያየቱ። ኤም 13ን በስንት ማጉያ እንዳየኸው አልነገርከኝም። በ25 ሚሊሜትር አይፒስ ከሆነ 26 እጥፍ ነው። እሱ ለመፈለጊያ ነው። ብዙ ሰው «ማጉላት ያደበዝዛል» ብሎ ይፈራል። ለኔቡላ (ለጋዝ ደመና) እና ለጋላክሲ ከልክ ሲያልፍ እውነት ነው። ለሉላዊ ክምችት ግን ማጉላት ጥቅም ነው። ስታጎላ የሰማዩ ብርሃን ይሰራጭና ይጨልማል። ኮከብ ግን ነጥብ ስለሆነ ብዙም አይሰራጭም። ስለዚህ ከዋክብቱ ከጀርባቸው ካለው ብርሃን ተለይተው ይወጣሉ። በ6 ሚሊሜትር አይፒስ 108 እጥፍ ታገኛለህ። ባለ 10 ሚሊሜትሩን ከ2 እጥፍ ባርሎው (ማጉላቱን የሚያባዛ ተጨማሪ ሌንስ) ጋር ከገጠምከው 130 እጥፍ ነው። በዚህ መካከል ሥራ። አየሩ ከተረጋጋ ከ150 በላይም ሞክር፣ ከዋክብቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ ተመለስ።

ዓይንህን ለግማሽ ሰዓት ከብርሃን አርቀው። ስልክህን አንድ ጊዜ ከከፈትክ ያ ግማሽ ሰዓት እንደገና ይጀምራል። ስታይ ደግሞ ክምችቱ ላይ አታፍጥጥ፣ ትንሽ ወደ ጎን ተመልከት። የዓይናችን መሃል በጨለማ ደካማ ነው። የዓይናችን ዳር ግን ደብዛዛ ብርሃን ይይዛል። ደግሞ ወንበር ላይ ተቀመጥ። ቆሞ ያጎነበሰ ሰው ከሁለት ደቂቃ በላይ አያይም። ሉላዊ ክምችት ግን አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈልጋል። በመጀመሪያው ደቂቃ ጭጋግ፣ በአምስተኛው ዳር ዳር ላይ ብልጭ ብልጭ የሚሉ ነጥቦች፣ ከዚያ በኋላ አየሩ ለአፍታ ሲረጋጋ ነጥቦቹ እስከ መሃል ይገባሉ።

ቴሌስኮፑ ያገለገለ ስለሆነ መስታወቶቹ መስመራቸውን ስተው ሊሆን ይችላል። አንድ ብሩህ ኮከብ መሃል አድርግና ፎከሱን ትንሽ አበላሽ። ክቦቹ አንድ መሃል ካላቸው ደህና ነው። ወደ አንድ ጎን ካጋደሉ አስተካክለው። ቴሌስኮፑን ከማየትህ አንድ ሰዓት ቀድመህ ደጅ አውጣው፣ የቤት ሙቀት ያለበት መስታወት ጥርት ያለ ኮከብ አያሳይም።

ቦታ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ። ብዙ ጊዜ ሰው «ጅሬን ኮረብታ ላይ ልውጣ?» ይለኛል። ጅሬን ለሰሜኑ ሰማይ ጥሩ ነው። ለኦሜጋ ግን ወደ ደቡብ ስታይ የከተማው መብራት ከፊትህ ይመጣል። ከከተማው በስተደቡብ፣ በዴዶ መንገድ በኩል፣ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካለህ እሱ ግቢ ይሻላል። መብራቱ ከጀርባህ ይሆናል። የቦዬ ረግረግ አካባቢ ሜዳው ይማርካል፣ ግን ሊነጋ ሲል ጭጋጉ መጀመሪያ የሚተኛው እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው። በማታውቀው ቦታ ሌሊት ብቻህን አትቁም። ለባለቤቱና ለጎረቤት አስቀድመህ ንገር። መብራት የጠፋ ሌሊት ከተገኘ ደግሞ ሩቅ መሄድም አያስፈልግ፣ ከፈረንጅ አራዳም ሆነህ ሥራ።

የጅማ ዋና ጠላት ጤዛ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት በኋላ አይፒሱና ትንሹ መስታወት ሊላቡ ይችላሉ። ከቱቦው አፍ አልፎ የሚወጣ የካርቶን ወይም የጥቁር ፎም መከለያ ጠቅልልበት። የማትጠቀምበትን አይፒስ ኪስህ ውስጥ አቆየው። የረጠበ መስታወት በጨርቅ አትጥረግ። ቤት ስትገባም ክዳኑን ወዲያው አትግጠም፣ ይድረቅ። ክረምት ላይ ሻጋታ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ወደ ፎቶው ልምጣ። መጀመሪያ ምስልህን እንደገና ክፈተውና የተጎተቱትን ከዋክብት ተመልከት። መሃል ያሉትም ዳር ያሉትም በአንድ አቅጣጫ ከተጎተቱ ጥፋቱ የማውንቱ ነው። መሃል ያሉት ክብ ሆነው ዳር ያሉት ብቻ ከመሃል ወደ ውጭ ጭራ ካወጡ ግን ማውንትህን አትውቀስ። ይህ ኮማ ይባላል፣ የትኩረት ርዝመቱ ከመስታወቱ ስፋት 5 እጥፍ የሆነ ኒውቶኒያን (እንደ ያንተ ያለ የመስታወት) ቴሌስኮፕ ሁሉ ያለው ባሕርይ ነው። ለሉላዊ ክምችት ብዙም አያስጨንቅ። በመደበኛ ካሜራ የምስልህ ስፋት 2 ዲግሪ ገደማ ነው። ኤም 13 ግን አንድ ሦስተኛ ዲግሪ ብቻ ነው። ዳሩን ቆርጠህ ጣለው።

ማውንቱ ከሆነ ግን ችግሩ የጅማ ሰው ሁሉ ችግር ነው። መመሪያው «ዘንጉን ወደ ሰሜን ኮከብ አነጣጥር» ይላል። የሰሜን ኮከብ ጅማ ላይ ከአድማስ 8 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ባሕር ዛፍ ወይም የጎረቤት ጣሪያ ይሸፍነዋል፣ ባይሸፍነውም ጭጋግ ውስጥ ይጠፋል። አንዳንዱ ማውንት ደግሞ ዘንጉ እስከዚህ ድረስ አይወርድም። ካልወረደልህ ወደ ሰሜን የሚያየውን የትራይፖድ እግር አሳጥረው። ከዚያ ሳይጨልም ቴሌስኮፑን በእጅህ ወደ ሁሉም አቅጣጫ አዙረው። ዘንጉ እንዲህ ዝቅ ሲል የሚዛን ክብደቱ ከትራይፖዱ እግር ጋር ሊጋጭ ይችላል። ይህን በቀን ማወቅ ይሻላል።

የሰሜን ኮከብን ሳታይ የምታስተካክልበት መንገድ አለ። ኮምፓስና የስልክ ዲግሪ መለኪያ ተጠቅመህ ዘንጉን በግምት ወደ ሰሜን፣ በ7.7 ዲግሪ ከፍታ አድርገው። ሞተሩን አብራ። በትልቅ ማጉያ ከአናትህ ትንሽ ወደ ደቡብ ያለ ኮከብ ያዝ፣ የሰማይ ወገብ (ልክ ከምድር ወገብ በላይ ያለው የሰማይ መስመር) እዚያ ጋ ነው የሚያልፈው። ደቡብ በየት በኩል እንደሆነ ለማወቅ ቱቦውን በትንሹ ወደ ሰሜን ግፋው፣ ኮከቡ የሚሸሽበት በኩል ደቡብ ነው። አሁን ለአምስት ደቂቃ ጠብቅ። ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ቢወዛወዝ ችላ በለው። ወደ ደቡብ ከተንሸራተተ የዘንጉ ጫፍ ወደ ምሥራቅ አብዝቷል፣ ወደ ምዕራብ መልሰው። ወደ ሰሜን ከሄደ በተቃራኒው። ዝም ሲል በምሥራቅ በኩል ከአድማስ 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ያለ፣ እዚያው የሰማይ ወገብ ላይ ያለ ኮከብ ያዝ። ይህ ወደ ደቡብ ከተንሸራተተ ዘንጉ ዝቅ ብሏል፣ ከፍ አድርገው። ወደ ሰሜን ከሆነ ዝቅ አድርገው። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው ፎቶ ሁሉ በዚህ ላይ ነው የሚቆመው። ቦታህ ቋሚ ከሆነ የትራይፖዱን ሦስት እግሮች መሬት ላይ ምልክት አድርግባቸው።

መሃሉ ነጭ የሆነብህ አንድ ደቂቃ ስለበዛ ነው። የክምችት እምብርትና ዳሩ በብርሃን በጣም ይለያያሉ። በረጅም ኤክስፖዠር (ካሜራው ብርሃን በሚቀበልበት ጊዜ) ዳሩን ልትይዝ ስትሞክር እምብርቱ ይጠግባል። የጠገበ ነጭ ደግሞ በምንም ሶፍትዌር አይመለስም። ስለዚህ አጭር አድርገህ ብዙ አንሳ። ከ15 እስከ 20 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 800 ወይም 1600፣ በሮው ፋይል (ካሜራው ባላቀነባበረው ጥሬ ፋይል)፣ 100 ምስል። 100 የ20 ሰከንድ ምስሎች 33 ደቂቃ ያህል ነው። በኮምፒዩተር ሲደራረቡ ኖይዙ (ምስሉን የሚያበላሸው ነጠብጣብ) በ10 እጥፍ ይቀንሳል። አጭር መሆኑ ለማውንትህም እረፍት ነው፣ ጥቂቶቹ ቢበላሹ ትጥላቸዋለህ። ለኦሜጋና ለኤም 22 ተጨማሪ 30 የ5 ሰከንድ ምስሎች ያዝ፣ እምብርቱን ከእነሱ ትወስዳለህ።

ፎከሱን በግምት አትተው። ከካርቶን ባሕቲኖቭ ማስክ (የኮከቡን ብርሃን ሦስት ጨረር የሚያደርግ ባለ ስንጥቅ መሸፈኛ) ቁረጥ፣ ብሩህ ኮከብ ላይ አነጣጥር፣ መሃለኛው ጨረር በሁለቱ መካከል እኩል ሲገባ ማስኩን አንሳው። በነገራችን ላይ አንዳንድ ባለ 130 ቴሌስኮፕ ካሜራ ሲገጠምበት ፎከስ አይደርስም። አንተ አንስተሃልና ያንተ ይደርሳል፣ ተመስገን በል። በስልክ የሚያነሱ ደግሞ ስልኩን አይፒሱ ላይ አጥብቀው ይሰሩ፣ በ10 ሰከንድ ያንሱ፣ ከኦሜጋ ይጀምሩ።

ሌሊት መሥራት ለፎቶ ሌላም ጥቅም አለው። ስትጨርስ እየነጋ ነው። ካሜራውን ሳትነቅል፣ ፎከሱንም ሳትነካ፣ በቱቦው አፍ ላይ ነጭ ነጠላ ሁለት እጥፍ አድርገህ ወጥር። ጥለቱ እንዳይገባ፣ እጥፋትም እንዳይኖረው። ቴሌስኮፑን ወደ ነጣው ሰማይ አዙረውና 20 ምስል አንሳ፣ መብዛትም ማነስም የሌለበት መካከለኛ ብርሃን ይኑራቸው። ፍላት የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የአቧራውን ጥላና የዳሩን ጨለማ ከፎቶህ ላይ ያነሱልሃል። ከዚያ ክዳኑን ግጠምና ክምችቱን ባነሳህበት ኤክስፖዠርና አይኤስኦ ሃያ ጨለማ ምስሎች ጨምር።

ለመደራረቡ ሲሪል የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል። ከተደራረበ በኋላ ምስሉ ጥቁር ሆኖ ሲታይህ አትደንግጥ። ብርሃኑን ስትከፍት «አሲንህ» የሚለውን አማራጭ ተጠቀም፣ የከዋክብቱን ቀለም ይጠብቃል። ቀስ በቀስ ክፈት፣ እምብርቱ ውስጥ ያሉት ከዋክብት መያያዝ ሲጀምሩ አቁም። ኢንተርኔት ላይ ያሉ ብዙ ፎቶዎች እዚህ ጋ ነው ልክ የሚያልፉት። ጥሩ የክምችት ፎቶ ብርቱካናማዎቹን ግዙፍ ከዋክብት ከሰማያዊዎቹ ለይቶ ያሳያል። ብርቱካናማዎቹ ሃይድሮጅናቸውን በእምብርታቸው ጨርሰው ያበጡ ሽማግሌዎች ናቸው። የአብዛኛው ክምችት ዕድሜ ወደ 12 ቢሊዮን ዓመት ይጠጋል፣ ፀሐያችን 4.6 ቢሊዮን ብቻ ናት።

ይህ ሲሳካልህ አንድ ሥራ ልስጥህ፣ እኔ ከሁሉ የምወደውን። በየካቲት ኤም 3 ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ከፍ ብሎ ያድራል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አንድ ዙር አንሳው፣ 11 ሰዓት ላይ ሌላ ዙር። ሁለቱን ለየብቻ ደራርበህ ኮምፒዩተር ላይ አንዱን በሌላው ላይ አድርገህ አቀያይር። አንዳንድ ከዋክብት ሲደምቁና ሲደበዝዙ ታያለህ። አርአር ላይሬ የሚባሉ ተለዋዋጭ ከዋክብት ናቸው፣ ብዙዎቹ በግማሽ ቀን ገደማ ዑደታቸውን ይጨርሳሉ። ኤም 3 ውስጥ ከ200 በላይ ተለዋዋጮች ይታወቃሉ። ሻፕሊ የክምችቶቹን ርቀት ሲለካ ከተጠቀመባቸው ከዋክብት ዋነኞቹ እነዚህ ናቸው። በ130 ሚሊሜትር ይቻላል፣ 15ኛና 16ኛ ማግኒቲዩድ መካከል ስለሆኑ ጨለማ ሰማይና ጥሩ ፎከስ ብቻ ይፈልጋሉ።

እስከ ጥር መጠበቅ ካቃተህ በኅዳር አጋማሽ ማታ ከ1 ሰዓት ጀምሮ ኤም 15ና ኤም 2 ከአናትህ አጠገብ ናቸው። የኤም 15 እምብርት በጣም የተጠቀጠቀ ስለሆነ በአጭር ኤክስፖዠር ለመለማመድ ይመቻል። ወደ 3 ሰዓት ደግሞ የደቡብ አድማስህ ክፍት ከሆነ 47 ቱካኔን ፈልግ። ከአድማስ 10 ዲግሪ ብቻ ነው የሚወጣው፣ አየሩም ያደበዝዘዋል፣ ቢሆንም ከኦሜጋ ቀጥሎ በብርሃኑ ሁለተኛው እሱ ነው።

8 ኢንቹን በሚመለከት፣ ከየካቲት በኋላ እንነጋገር። የኤም 4ን መስመር አይተህ፣ ኦሜጋን አንስተህ «ከዚህ በላይ እፈልጋለሁ» ካልክ ለዓይን ትልቅ ዶብሶኒያን (በቀላል መቆሚያ ላይ የሚቀመጥ የመስታወት ቴሌስኮፕ) ይሻልሃል፣ ለፎቶ ግን ገንዘቡን ማውንት ላይ አውለው። እስከዚያው የመስከረሙን ፎቶ ላክልኝ፣ ያልተነካካውን ሮው ፋይል። የመሃለኞቹን ከዋክብት ቅርጽ ካየሁ ኮማ ይሁን ማውንት እነግርሃለሁ።